ገድለ ሊሾ

ክረምት በገባ ቁጥር ከውጩ በራችን እስከ ሳሎናችን ደፍ ያለችው የ8 ሜትር መንገድ፣ በርዝመቷ ሳይሆን በጭቃዋ ብትመዘን፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ከሚያደርሰው 130 ኪሎ ሜትር የማታንስ ስለ ነበረች፣ ሊጠይቀን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ፣ ከይቅርታው ቀጥሎ ሰላምታ፣ ከሰላምታው ቀጥሎም ጭቃው ውስጥ የቀረ አንድ እግር ጫማውን የሚያወጣለት ልጅ ይጠይቅ ነበር። ባለቤቴ 14 ዓመት ሙሉ በዚያች መንገድ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስትደረድር፣ ድንጋዩም ሐምሌ በተጋመሰ ቁጥር ወደ ምድር ሆድ ሲሰጥም ከኖረ በኋላ፣ የደመራው አመድ ገና ሳይበርድ አንድ ማለዳ፣ «ዘንድሮ ወይ ግቢው ሊሾ ይሆናል፣ ወይ እኔ እናቴ ቤት እገባለሁ» አለችኝ። የእናቷ ግቢ ከእኛው የባሰ ማጥ መሆኑን ባውቅም፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ማስረጃ ማቅረብ ለትዳር እንደማይበጅ በብዙ ዘመን ልምድ የተማርሁ ሰው ነኝና «መልካም ነው» ብዬ ወጣሁ።

በእውነቱ ጥፋቱ የአፈሩ ነው። ሰፈራችን የተቆረቆረው በመረሬ ላይ ነው፤ መረሬ ማለትም ክረምት ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ የሚል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ እየተኮማተረ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያበጅ ጥቁር አፈር ነው። ጤፍ ለሚዘራበት ገበሬ በረከት ሲሆን፣ ቤት ለሚሠራበት ከተሜ ግን በላዩ የተጫነበትን ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያነሣ፣ አንድ ጊዜም የሚጥል፣ እንቅልፍ የሌለው ፍጡር ነው። ከዚህም የተነሣ ዐዋቂ ሰው በመረሬ ላይ ኮንክሪት ሊያፈስስ ሲነሣ አስቀድሞ መረሬውን ቆፍሮ ያወጣና በቦታው ገረጋንቲ ሞልቶ፣ ውሃ እያርከፈከፈ ይጠቀጥቃል። ይህን ሁሉ እኔ የማውቀው ዛሬ ነው።

አባቴ ቤት ሲሠራ ኮንትራክተር አላስፈለገውም። አፈሩ ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ ውሃ ተደፋበት፤ ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ጠላውን እየጠጣ በእግሩ አቦካው፤ ጭቃውም እስኪብላላና እስኪሸት ድረስ ቀን ተሰጥቶት ከከረመ በኋላ ተመረገ። ያ ግድግዳ በተሰነጠቀ ጊዜ እናቴ ከመዳፏ በቀር መሣሪያ ሳትይዝ፣ ጭቃና እበት ለውሳ ስትለቀልቀው በማግሥቱ ድኖ ይገኝ ነበር። ጭቃ ንስሓ የሚቀበል ነገር ነው። ኮንክሪት ግን አንድ ቀን ብቻ የሚሰማ፣ የሰማውንም የማይረሳ፣ በአንዲት ከሰዓት በኋላ የተፈጸመውን ስንፍና ለልጅ ልጅ ጽፎ የሚያስቀምጥ ጸሐፌ ትእዛዝ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ሸምገል ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ግንበኛ ነበር። ግቢውን ዞረ፤ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት ጫረ፤ ከአፈሩ ቆንጥሮ በምራቁ አራሰና በሁለት ጣቶቹ መካከል እንደ ክር አሽቶ አየው። ከዚያም ተነሥቶ፣ «ይህ አፈር መውጣት አለበት፤ ሳይወጣ አልሠራም» አለና የእጅ ዋጋውን ነገረኝ። ዋጋው እኔ በልቤ ከያዝሁት ዕጥፍ ስለ ነበር አመስግኜ ወደ በሩ ሸኘሁት። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ሰው በመንገድ ባየሁት ቁጥር የወዲያኛውን ዳር ይዤ አልፋለሁ።

ሁለተኛውን ያመጣልኝ ደላላ ነው። መንግሥት የሥራ ተቋራጮችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 10 መድቧቸዋል፤ ይህ ሰው ግን ገና ቁጥር ያልወጣለት ደረጃ ነበር። ቢጫ የራስ ቁር ስለሚደፋ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ንብረቱም አንዲት ካሪዮላ፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ ውሃ ልክና ሁለት ስልክ ሲሆን፣ ከስልኮቹም አንደኛው ሲጠራ የማይነሣ፣ ሁለተኛው ከነጭራሹ የማይጠራ ነበር። ግቢውን በእርምጃው ለካ፤ ወደ ሰማይ አንጋጦ አንዳች ነገር አሰላ፤ ከዚያም፣ «ጋሼ፣ ይቺ የሁለት ቀን ሥራ ናት። ችግር የለም» አለኝ። ስለ መረሬው ባነሣለት፣ «ችግር የለም»፤ ስለ ውሃ መውረጃው ብጠይቀው፣ «ችግር የለም»፤ «ዋስትናህስ?» ብለው፣ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔ እያለሁ!» አለ። ወንጌላዊው ሉቃስ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው በጻፈበት ምዕራፍ፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቁጠር እንደሚገባ የተነገረ ስለ ሆነ፣ እኔም እንደ ትእዛዙ ተቀምጬ ወጪውን ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ፤ ያልቆጠርሁት ሰውዬውን ነው። ከልጄ ደብተር በተቀደደ ቅጠል ላይ ውል ተጻፈ፤ ግማሹም ቀብድ ተከፈለ።

ዕቃውን እኔ ማቅረብ ስለ ነበረብኝ ዝርዝሩን አስጻፈኝ፦ ሲሚንቶ፣ ባለ 8 ፌሮ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የቤቶኔራ ኪራይ። ስጽፍ የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከአገር ያስወጣን ሕዝቦች ስንሆን ከግንበኛው አፍ ግን ማስወጣት አለመቻላችን ነው። ሲሚንቶው የእነርሱ ቃል፣ ፌሮው የእነርሱ፣ ካሪዮላው የእነርሱ፤ ባለቤቴ እናቴ ቤት እገባለሁ ያለችበት ሊሾም በእነርሱ ቋንቋ «ልሙጥ» ማለት ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለው በዚያው በወረራው ዘመን ስለ ሆነ ዱቄቱ ከነስሙ መግባቱ አያስደንቅም። የእኛ ሆኖ የቀረው ቱንቢ ብቻ ይመስለኛል፤ እርሱም በነቢዩ በአሞጽ መጽሐፍ ውስጥ ስለሚገኝ ማንም አልደፈረው ይሆናል። የእኔ ኮንትራክተርም ቱንቢ አልነበረውም።

ሥራው የሚጀመረው «ነገ ጠዋት» ነበር። ይህ ቃል ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ መጽሐፍ ቤት መምህራን ወንበር ዘርግተው ካልተረጐሙት ምሥጢሩ አይገኝም። «ነገ» አለ፤ ከዛሬ ቀጥሎ ያለው ቀን ነው። አንድም፣ የሌላው ሰው ሥራ ያለቀ ዕለት ነው። አንድም፣ ሁለተኛው ክፍያ የተከፈለ ዕለት ነው። አንድም፣ መላእክት እንኳ ያልተነገራቸው ቀን ነው። «ጠዋት» አለ፤ ፀሐይ እንደ ወጣች። አንድም፣ ከምሳ በኋላ። አንድም፣ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሲደውል «መንገድ ላይ ነኝ» የሚባልበት ሰዓት ነው። «እመጣለሁ» ላለው ግን እስካሁን ትርጓሜ አልተገኘለትም።

በዚህ መካከል ያ የራስ ቁር የደፋ ሰው ለበዓላት ያለውን ጽኑ ፍቅር ለማወቅ ቻልሁ። ኅዳር 12 ሚካኤል ሆነ፤ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ሆነች፤ ታኅሣሥ 3 በዓታ ገባች፤ ታኅሣሥ 19 ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረበትና ከነሠራተኞቹ ሄደ፤ ከቁልቢ ሲመለስ ድካሙ ሳይለቀው ታኅሣሥ 24 ተክለ ሃይማኖት ደረሱ። በመካከል ያሉት ቀናት ለቅሶ የሚደርስባቸው ነበሩ። እኔ ከባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እንኳ በዚህ ፍጥነት በዓላትን የሚያወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። አሸዋውና ጠጠሩ በራችን ላይ ተቆልሎ ሲጠብቅ የሰፈሩ ሕፃናት ተንሸራተው ጨረሱት፤ የሰፈሩ ድመቶችም ለራሳቸው ጉዳይ ተጠቀሙበት።

በአጠገባችን አንድ አዛውንት ይኖራሉ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ካፈራቸው ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ30 ዓመት በላይ መንገድ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀራቸው መሣሪያ ከዘራቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን ማታ በሩን ገፋ አድርገው ገቡና፣ «ልጄ፣ አፈሩን ሳታወጡ ነው የምትጥሉት?» አሉኝ። ኮንትራክተሩ ከእኔ ቀድሞ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ አውራ ጎዳና አይደለም፤ ግቢ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ አብሬው ሳቅሁ። አዛውንቱ አልተቀየሙም። «እንግዲያውስ ቢያንስ በየሜትሩ አንድ ጣት ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ 8 ሜትር ነውና 8 ጣት ይወርዳል» አሉ። ኮንትራክተሩም ውሃ ልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ አሳያቸውና፣ «እኔ ልክ አድርጌ ነው የምሠራው። ውሃ ደግሞ መንገዱን ያውቃል» አለ። ይህን ቃል አንባቢዬ በልቡ ያኑርልኝ።

ሦስተኛው ምክራቸው ግን የወደቀው በእኔ በራሴ እጅ ነው። በከዘራቸው ጫፍ ከበረንዳችን ጥግ አንሥተው እስከ አጥሩ ድረስ መሬቱን ጫሩና፣ «በዚህ ላይ ጆይንት ይሁን። በየ3 ሜትሩ ክፈሉት፤ ጥልቀቱ የውፍረቱን ሩብ ያህል ይበቃል» አሉ። እኔም፣ «ጋሼ፣ ሙሉ ከፍዬ ያሠራሁትን ነገር እንዴት ብዬ በገዛ እጄ እቆርጠዋለሁ?» አልኋቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ጫፉን በእግራቸው ጠረጉና፣ «አንተ ካልቆረጥኸው ራሱን ይቆርጣል፤ እሱ ሲቆርጥ ደግሞ ማስመሪያ አይዝም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ ሠራተኞቹ መሬቱን ሲደለድሉ የጫሩት መስመር ጠፋ።

ታኅሣሥ 25 ቀን ቤቶኔራው እያጓራ ገባ። ልኩ አንድ ለሁለት ለሦስት ነበር፤ ይኸውም አንድ ሣጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር ማለት ነው። ቆጣሪው ልጅ እስከ ረፋድ ድረስ በትክክል ቆጠረ፤ ከረፋዱ በኋላ ግን ስለ እግር ኳስ ጨዋታ ክርክር ስለ ተነሣ ሥላሴን የመሰለው ሦስትነት አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ይሆን ጀመር። ፌሮው ከመሬቱ ከፍ ብሎ በኮንክሪቱ ሆድ ውስጥ መቀመጥ ሲገባው መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ በላዩ ተደፋበት። ከሁሉ የበለጠ የሰማሁት ድምፅ ግን «ውሃ ጨምር!» የሚለው ነው። ወፍራሙን ቡኮ በአካፋ መግፋት ወገብ ይቆርጣል፤ የቀጠነው ግን ራሱ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዱ «ውሃ ጨምር!» ሲል ሌላው እንደ ደብተራ ተቀብሎ «ጨምርበት!» ይላል።

ባለቤቴ በበረንዳው ላይ ቆማ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ፣ «ይኼ ነው ገንፎ ይመስላል ያልኸኝ? ይኼማ አጥሚት ነው» አለች። አሜሪካዊው ዳፍ ኤብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. በብዙ ሙከራ ደርሶበት የጻፈው ሕግ፣ ውሃው ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር በበዛ ቁጥር ኮንክሪቱ እየደከመ ይሄዳል የሚል ነው፤ ሲሚንቶው ከሚፈልገው በላይ የገባው ውሃ በኋላ ተንኖ ሲወጣ ቀዳዳውንና መኮማተሩን ትቶ ይሄዳልና። ባለቤቴ ይህን ሕግ ያወቀችው ከምድጃ ዳር ስለ ሆነ ስሟ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ኮንትራክተሩም መለሰላት፦ «እትዬ፣ ሲደርቅ እኮ ይጠነክራል። ችግር የለም።»

ማታ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሰው በማንካ እያሹ ሊሾውን ሲጨርሱ፣ እውነት ለመናገር፣ ግቢው እንደ መስተዋት አበራ፤ እኔም ከደስታዬ የተነሣ የቀረውን ክፍያ ሙሉውን ከፈልሁ። ይህን ያደረግሁት ገንዘቡን በኪሱ ከከተተ ሰው ጋር ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ መነጋገር ከንቱ መሆኑን ሳላውቅ ነው። የገዛሁት ሲሚንቶ 25 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 50 ከረጢት ሲሆን፣ በማግሥቱ ባዶዎቹን ብቆጥር 31 ሆኑ። ስለ ቀሩት 19 ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ባዶ ከረጢት እኮ ነፋስ ይወስዳል» አለኝ። ነፋሱ የወሰዳቸው ባዶ ሳሉ ይሁን ሙሉ ሳሉ አልተነጋገርንም።

በዚያችው ሌሊት ለገና የተገዛችው ዶሮ ገመዷን ፈትታ፣ ገና ባልጠናው ሊሾ ላይ ከአጥሩ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ተራምዳ ኖሯል። ዶሮዋ በአራተኛው ቀን ለገና ወጥ ሆነች፤ ኮቴዋ ግን ሦስት ሦስት ጣቱን ዘርግቶ፣ ወደ ወጥ ቤቱ እንዳመለከተ እስከ ዛሬ አለ።

ኮንክሪት የሚጠናው በመድረቅ አይደለም፤ ውሃን ከሲሚንቶው ጋር በማዋሐድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀን እንደ አራስ ተሸፍኖ ውሃ እየጠጣ መሰንበት አለበት፤ ጉልበቱም የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እንደሚነሡ ሁሉ ይህም የራሱ ቀን አለው ማለት ነው። የእኔ አራስ ግን የተወለደው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው። በመጀመሪያው ቀን ከበርሜሉ ቀድተን አጠጣነው፤ በሁለተኛው ቀን በርሜሉ ለልብስ ተፈለገ፤ በሦስተኛው ቀን ውሃው ሄደ፤ ከዚያም በዓሉ መጣና ሁላችንም ረሳነው። የገና ሰሞን ፀሐይ ደግሞ ቀን ላይ ምን ያህል እንደምትልጥ ታውቃላችሁ።

ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ 28 ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ በሩን ስከፍት ስንጥቁን አየሁት። አስተርእዮ ማለት በግእዝ መገለጥ ነውና ቀኑን አልሳተም። መጀመሪያ የወደቀ የነጠላ ክር መስሎኝ ላነሣው ጎንበስ አልሁ፤ ክሩም አልነሣ አለ። በዓይኔ ተከተልሁት። የተነሣው ከበረንዳው ጥግ ነው፤ በዶሮዋ ኮቴ መካከል አልፎ፣ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ቀና እያለ እስከ አጥሩ ደረሰ። ሽማግሌው በከዘራቸው የጫሩት መስመር ነው። ማስመሪያ ብቻ ነው የጎደለው።

ለኮንትራክተሩ 17 ጊዜ ደወልሁ። በ18ኛው መጣ፤ ስንጥቁን ተመለከተ፤ አፈረ ማለት አልችልም። «ጋሼ፣ ይህ እኮ የፀጉር ስንጥቅ ነው። ኮንክሪት ሁሉ ይተነፍሳል» ብሎ ቀጭን የሲሚንቶ ቦያካ በጥብጦ ቀባውና ለቦያካው አስከፈለኝ። የእናቴን መዳፍ ያስታወሰኝ እርሱ ነው፤ ዳሩ ግን ጭቃን ከጭቃ ጋር ያስታረቀ እጅ ደረቅ ሲሚንቶን ከእርጥብ ሲሚንቶ ጋር ሊያስታርቅ አልቻለም፤ ቦያካው ትንሣኤ ሳይደርስ ተላጠ፤ ስንጥቁ ለዳግማይ ትንሣኤ ጣት አስገባ።

ሰኔ ገባ። በየሜትሩ አንድ ጣት ያልዘነበለው ሊሾ ልክ ነው የተባለ ቢሆንም፣ እውነቱ ሲወጣ ወደ ሳሎኑ ዘንበል ማለቱ ታወቀ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድም ውሃው አንድም ጠብታ ሳይባክን፣ በሥርዓትና በሰልፍ፣ በሳሎናችን ደፍ ላይ ወጥቶ ከምንጣፋችን ሥር ገባ። ያን ጊዜ ውሃ መንገዱን ያውቃል የተባለው ተፈጸመ። ሰኔን በሙሉ በመጥረጊያና በባልዲ አሳለፍነው፤ የድሮው ጭቃ እንኳ ደጁን አልፎ አያውቅም ነበር።

ሐምሌ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቀን ማታ ከባድ ዝናብ ሲወርድ፣ ባልዲያችንን ይዘን ደፉ ላይ ስንጠብቅ ውሃው አልመጣም። መብራት ይዤ ብወጣ፣ ስንጥቁ ከጣት አልፎ ሰፍቶ፣ ወደ ሳሎኑ የሚጓዘውን ጎርፍ ሁሉ በመካከል መንገድ ላይ ተቀብሎ ጉርጉር እያለ ወደ ውስጥ ይውጠው ነበር። ባለቤቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። በዚያው ሳምንት ኮንትራክተሩ ጎረቤት ሊሾ ሊያፈስስ ሲያልፍ ስንጥቁን አየውና፣ በበራችን ላይ ቆሞ የራስ ቁሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «አየህ ጋሼ? ውሃ መንገዱን ያውቃል ብዬህ አልነበር?» አለ። ልመልስለት አፌን ከፍቼ ምንም የምለው አጣሁ።

ነገሩን ለአዛውንቱ ስነግራቸው አልሳቁም። በስንጥቁ አፍ ላይ ቆመው ጥቂት አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ውሃው የጠፋ እንዳይመስልህ። ከሥር ያለው መረሬ እየጠጣው ነው፤ ጠጥቶ ሲጠግብ ይነሣል» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ የውጩ በራችን ወደ ውስጥ ሲገፋ ከግማሽ አያልፍም፤ ሊሾው ከሥሩ ተነሥቶ ይዞታል። ለኮንትራክተሩ ደውዬለት ነበር፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሏል። ለእንቁጣጣሽ የምትመጡ ወዳጆቼ ጭቃ የለም፤ ጫማችሁም አይጠፋም፤ በጎን ግቡ።